ቃለ መጠይቅ ደጅ ጥናት አይደለም!

ጠዋት በአራት ኪሎ በኩል ያለፈ ሰው ያያቸዋል። ወጣቶች በየአጥሩ ጥግና በየደረጃው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያገላብጣሉ። ጋዜጣውን አልገዙትም፤ ለጥቂት ደቂቃ ተከራይተውት ነው። የሚፈልጉት የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ፣ ከዚያም ውስጥ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚለውን ነው። ካገኙ በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል ወይም አድራሻውን በደብተር ቅዳጅ ላይ ይገለብጣሉ፤ ጋዜጣውን ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባሉ። አሁን አሁን ብዙው ማስታወቂያ ወደ ቴሌግራም ቢገባም ልፋቱ አልቀነሰም። ማመልከቻ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ታክሲ፣ ሰልፍ፣ የጽሑፍ ፈተና። ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው አንድ ቀን ስልኩ ይጠራል፤ «ለቃለ መጠይቅ ሐሙስ ይቅረቡ» ይባላል።

ከዚያ ጥሪ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ምን ይሠራል? ይህ ዝግጅት ክፍል ዛሬ የሚናገረው ስለነዚያ ቀናት ነው። ብዙዎች በጭንቀት ያሳልፏቸዋል። ሸሚዝ ይታጠባል፣ ጫማ ይወለወላል፣ እናት ስለት ትሳላለች። «ምን ይጠይቁኝ ይሆን?» እየተባለ እንቅልፍ ይታጣል። ቁጭ ብሎ መልሱን የሚያዘጋጅ፣ ያዘጋጀውንም ድምፁን አውጥቶ የሚለማመድ ግን ጥቂት ነው።

ፍርዳችንን ሳናሳድር እንናገር። ከምሩቃኖቻችን ብዙዎቹ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚወድቁት ሥራው አቅቷቸው አይደለም። የሚችሉትን አውጥተው ማሳየት ስላልተማሩ ነው። ለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው፣ አራትና አምስት ዓመት ያስተማሯቸው ተቋማት፣ ጠርተው የሚጠይቋቸው ቀጣሪዎችም ተጠያቂ ናቸው። ሸክሙ ግን እኩል አይደለም፤ ከሁሉ የቀለለው ያለው በተወዳዳሪው ትከሻ ላይ ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ዘንድ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ» በተባለው የምጣኔ ሀብት መጽሔት ታትሟል። ለአንዱ ቡድን ሥራ ፍለጋ የሚመላለስበት የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ቡድን ስለ ማመልከቻና ሲቪ አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አቀራረብ ሥልጠና ወሰደ፤ ችሎታውም ተፈትኖ ምስክር ወረቀት ያዘ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ድጋፎች ጠቀሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ድጋፍ ውጤት ደብዝዞ ሲገኝ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት ወጣቶች የተሻለ ገቢ ያላቸው፣ በሥራቸው የረኩ፣ በሥራቸውም ላይ የቆዩ ሆነው ተገኙ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ሌላ ጊዜ የሥራ ገበያው ወደ ጎን የሚገፋቸው ነበሩ። ልብ እንበል፤ እነዚህ ወጣቶች አዲስ ሙያ አልተማሩም። የነበራቸው ሙያ ለቀጣሪ እንዲታይ ነው የተደረገው።

እኛም በቤታችን አይተነዋል። ለሒሳብ ክፍላችን ጀማሪ ሠራተኛ ፈልገን ካነጋገርናቸው መካከል አንዱ ወጣት «የሒሳብ መዝገብ ይዘህ ታውቃለህ?» ሲባል «አላውቅም፣ ዜሮ ዓመት ነኝ» አለ። ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል። ሊሰናበት ሲል ከጠያቂዎቹ አንዷ እሑድ እሑድ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። ያኔ ነው ነገሩ የወጣው። የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ መዝገቡን ለእሱ ካስረከቡ ሦስት ዓመት አልፏል። የየወሩን መዋጮ የሚመዘግበው፣ ያልከፈለውን በቀይ እስክርቢቶ የሚለየው፣ ለለቅሶ ቤት የወጣውን ወጪ ከደረሰኝ ጋር የሚያመሳክረው እሱ ነው። አንድ ጊዜ የድንኳን ኪራይ ሁለቴ ተመዝግቦ አግኝቶ ለዕድሩ ዳኛ አስታውቋል። ይህን ሲናገር ዓይኑን ከጠረጴዛው አነሳ፤ እጁም ገጽ የሚገልጥ ይመስል ይንቀሳቀስ ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ገንዘብ መዝግቦ አንድ ብር ያልጎደለበት ልጅ፣ ሲቪው ላይ ስለ ዕድሩ አንዲት ቃል አልጻፈም። ለምን ቢባል «ሥራ ይባላል ብዬ አላሰብኩም» አለ። ዛሬ አብሮን ይሠራል። ያቺ ስለ እሑድ የተነሳች ጥያቄ ባትመጣ ግን ባዶ እጁን ይመለስ ነበር፤ እኛም ማን እንዳመለጠን አናውቅም ነበር።

ይህ ልጅ ለምን ዝም አለ? መልሱ አስተዳደጋችን ውስጥ አለ። ራሱን የሚያሞግስ ሰው አንወድም። ታላቅ ሲናገር ዓይንን ሰበር ማድረግ፣ ዝግ ብሎ መመለስ፣ «እኔ» ማለትን ማሳነስ ከጨዋ ቤት የመውጣት ምልክት ነው። ይህን ጨዋነት አናቃልልም። ነገር ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉትም እነዚሁ አባቶቻችን ናቸው። ሹመት የሚሻ ሰው በመኳንንት ደጅ ሲጠና ይከርም በነበረበት አገር የተነገረ ተረት ነው፤ ያን ያህል ደጅ ጠንቶ ፊት የቀረበ ሰው እንኳ አፉን ካልከፈተ የመጣበት ነገር ይቀርበት ነበር። ዛሬም ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ወደ ቃለ መጠይቅ ክፍል እንደ ደጅ ጠኚ ይገባሉ፤ ከጠያቂዎቹም ብዙዎቹ እንደ ጌታ ተደላድለው ይጠብቋቸዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ቀጣሪው ማስታወቂያ ያወጣው ሥራ የሚሠራለት ሰው ቸግሮት ነው። ተወዳዳሪው የሚገባው ምጽዋት ለመለመን ሳይሆን የተፈለገው ሰው እሱ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ያደረጉትን ነገር እንደሆነው መናገር ደግሞ ጉራ አይባልም፤ ጉራ ያላደረጉትን ማውራት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «እስቲ ስለራስህ ንገረን» የሚለው ነው። የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ስሜ እገሌ ይባላል። የተወለድኩት እዚህ ቦታ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርቴን በዚህ ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በዚያ...» እያለ ይቀጥላል። ጠያቂው ይህን ሁሉ ፊቱ ካለው ወረቀት አንብቦታል። ሊሰማ የፈለገው ተወዳዳሪው ከዚህ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ምን እንዳለ ነው፤ እሱንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ። ለሕፃናት ክፍል የምትወዳደር ነርስ እንዲህ ብትል ይበቃታል፦ «በነርስነት ተመርቄያለሁ። በተግባር ልምምዴ ጊዜ ብዙውን የቆየሁት ሕፃናት ክፍል ነው። እዚያ የመድኃኒት መጠን በሕፃኑ ክብደት ማስላትን በየቀኑ ሠርቼዋለሁ። የምትፈልጉት ለዚሁ ክፍል መሆኑን ማስታወቂያው ላይ ሳይ ነው ያመለከትኩት።» ትውልድ ቦታዋን አልተናገረችም፤ ጠያቂዎቹ ግን አሁን ያውቋታል።

«ጠንካራ ጎንሽ ምንድን ነው?» ሲባልም እንዲሁ ነው። «ታታሪ ነኝ፣ ጫና ተቋቁሜ መሥራት እችላለሁ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚለውን ከእሷ በፊት የገባውም ብሎታል፤ ከእሷ በኋላ የሚገባውም ይለዋል። ታታሪነት በቃል አይመዘንም፤ በሆነ ነገር ነው የሚታየው። ስለዚህ ለተወዳዳሪ የምንሰጠው ዋናው ምክር ይህ ነው፦ ከቃለ መጠይቁ በፊት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘህ ተቀመጥና ከሕይወትህ ውስጥ አምስት እውነተኛ ታሪኮች ጻፍ። ምን ችግር ነበር? አንተ ላይ የወደቀው ኃላፊነት የትኛው ነው? ምን አደረግህ? መጨረሻው ምን ሆነ? ታሪኩ ከትልቅ መሥሪያ ቤት መምጣት የለበትም። ከመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከተግባር ልምምድ፣ ከእናት ሱቅ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከመድረሳ፣ ከግቢ የበጎ አድራጎት ክበብ ይምጣ። ከተጋጨህና ከታረቅህበት፣ ከተሳሳትህና ካረምህበት፣ ሌሎች ትተውት አንተ ከጨረስከው ሥራ አንድ አንድ ምረጥ። ጠያቂ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙ ቢመስልም ከነዚህ አምስቱ ከአንዱ ጋር የማይገናኝ እምብዛም የለም። ስትናገር ደግሞ «ፕሮጀክቱን ሠራን፣ ጨረስን፣ አስረከብን» ብቻ ብለህ አትለፍ። ጓደኞችህን ማመስገንህ ያስከብርሃል፤ የሚቀጠረው ግን አንድ ሰው ነውና የአንተ እጅ የቱ ጋ እንደነበረ ይታወቅ።

ሌላው ዝግጅት የሚጠራህን ተቋም ማወቅ ነው። ድረ ገጽ ከፍቶ ራዕይና ተልዕኮ መሸምደድ ማወቅ አይደለም። ባንክ የሚወዳደር ሰው ቀደም ብሎ ማክሰኞ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ይግባና ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ሰልፉ የት ላይ እንደሚረዝም፣ አዛውንት እናት የተቀማጭ ፎርም ሲሞሉ ማን እንደሚረዳቸው፣ ደንበኛ ድምፁን ከፍ የሚያደርገው በምን ጉዳይ እንደሆነ ይመልከት። የባንኩን የሞባይል መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ ይሞክረው። የታተመ ዓመታዊ ሪፖርት ካለም ያገላብጠው። ዘርፉ ለውጭ ባንኮች እንዲከፈት የሚፈቅደው ሕግ በ2017 ዓ.ም. መጽደቁንም ይወቅ፤ ይህን ቢጠየቅ አፉን ይዞ እንዳይቀር። «ቅርንጫፋችሁ ገብቼ ይህን አየሁ» የሚል ተወዳዳሪ ጠያቂዎችን ከወንበራቸው ቀና ያደርጋቸዋል፤ ምክንያቱም ከመቅጠራቸው በፊት ሥራ ጀምሮላቸዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ጥቃቅን ቢመስሉም ሰው ከሥራ ያስቀራሉ። የሰዓቱን ነገር እንውሰድ። በእንግሊዝኛ በተጻፈ ኢሜይል ላይ ከሰዓት 3:00 ተብሎ የተሰጠ ቀጠሮ በእኛ 9 ሰዓት ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ 3:00 ደግሞ ጠዋት ነው። ስልክ ደውሎ «በእኛ አቆጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ግን መመለሻ የለውም። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ሲቪ ላይ ምርቃቱ በእኛ፣ የሥራ ልምዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ሲጻፍ፣ በ2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በ2023 ሥራ መጀመሩን ያየ ጠያቂ መሀሉ ላይ ስምንት ባዶ ዓመት ያገኝና ምን ሲሠራ ከረመ ይላል። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መሄድ ነው። ማስረጃዎች ከዋናውና ከኮፒው ጋር በአንድ ማኅደር ይሁኑ፤ ዲግሪው፣ የውጤት ማስረጃው፣ የመውጫ ፈተናው ውጤት፣ መታወቂያው። የቀድሞ ቀጣሪ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከከለከለ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው አሠሪውን እንደሚያስገድድ ይታወቅ። ቦታውን በዋዜማው ሄዶ ማየት በዚህ የመንገድ መጨናነቅ ዋጋ አለው። ልብስ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል፤ የውሰት ኮት ውስጥ ከመጨነቅ የራስ ሹራብ ይሻላል። በሃይማኖቱ ምክንያት የማይጨብጥ ሰውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ቢሰጥ ክብሩ አይጎድልበትም።

ልምምዱን ግን በጥቃቅኑ አንመድበውም። መልስን በልብ ማሰብና በአፍ መናገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እህት፣ ጎረቤት ወይም የዶርም ጓደኛ ጠያቂ ሆኖ ይቀመጥ፤ ተወዳዳሪው በር አንኳኩቶ ይግባ፣ ሰላምታ ይስጥ፣ ሲባል ይቀመጥ፣ ይጠየቅ፣ ይመልስ። በስልክ ይቀዳና ይሰማው። ድምፁ የት ላይ እንደሚጠፋ፣ «እእእ» የሚለው የቱ ጋ እንደሚበዛ፣ አንዱን መልስ ስንት ጊዜ እንደደገመ ያኔ ይገባዋል። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነ ልምምዱም በእንግሊዝኛ ይሁን። ተማሪዎቻችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ቢሆንም ብዙውን የሚያነቡትና የሚጽፉት እንጂ የሚናገሩት አይደለም። ቃሉ መሀል ላይ ከጠፋ «ይህን በአማርኛ ላስረዳ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ተሰባብሮ ከማለፍ በደንብ ማስረዳት ይበልጣል።

የማይታወቅ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ እውነቱን መናገር ነው። «ይህን ሶፍትዌር አልሠራሁበትም፤ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ግን ተምሬያለሁ፤ ልዩነቱን ለማወቅ ከዚህ እጀምራለሁ» የሚል መልስ ከሚያድበሰብስ መልስ ይልቅ ያሳምናል። ጠያቂው መልሱን ያውቀዋልና ውሸት አያዋጣም።

«ስንት ደመወዝ ትጠብቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ወጣቶቻችን ይጎዳሉ። ማስታወቂያው «በስምምነት» ይላል፤ ተወዳዳሪው ግን የሚስማማበት ቁጥር ሳይዝ ይገባና «ድርጅቱ እንደወሰነ» ብሎ ይወጣል። በተመሳሳይ የሥራ መደብ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎችን ቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚጠራው ቁጥር ያልተጣራ ይሁን የተጣራ አስቀድሞ ይለይ፤ ከደመወዙ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳ ኪስ የሚገባው ሌላ ነው። የትራንስፖርት አበልና ሕክምና ካለም ይጠየቅ። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲባል «የለኝም» ማለት በሩን በራስ እጅ መዝጋት ነው። «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥራዬ ምን ይሆናል? ተጠሪነቴ ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሥራውን አስቦበት የመጣ ሰው ምልክት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ለሙከራ የሚፈቅደው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥምና በእነዚያ ቀናት በምን እንደሚመዘን ማወቅ መብቱ ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ወጣት «የውስጥ ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው?» ሊለን እንደሚችል እናውቃለን። ስሜቱ ባዶ አይደለም። ሰው አስቀድሞ ተመርጦለት ለደንቡ ብቻ የሚወጣ ማስታወቂያ አለ፤ ለይስሙላ የሚጠሩ ተወዳዳሪዎች አሉ። ከገጠር ከተማ ድረስ ብር ተበድሮ መጥቶ፣ ከዘመድ ቤት አድሮ፣ ውጤቱ ቀድሞ ባለቀ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ተዘርፏል፤ ይህን ለማለት ሌላ ቃል አንፈልግም። እንዲህ የሚያደርጉ ኃላፊዎች በሕግ ሊጠየቁ ይገባል። ለወጣቱ ግን የምንለው አለን። በየትኛው ክፍል ውስጥ ፍትሕ እንዳለ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ ፍትሕ ያለበት ክፍል ሲገጥምህ ሳትዘጋጅ እንዳትገኝ።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች እንዙር፤ ዋናው ወቀሳችን ያለው እዚህ ነው። የተወዳዳሪውን ሲቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳዳሪው ፊት የሚከፍት ጠያቂ አለ። በመሀል ስልክ አንስቶ የሚያወራ አለ። አንዱን ስለ ሙያው፣ ሌላውን ስለ አገሩና ስለ ሰፈሩ ጠይቆ ሁለቱን የሚያወዳድር አለ። ሲጨርስም «ይሄኛው ደስ ብሎኛል» ብሎ ነጥብ የሚሰጥ አለ። ይህ መመዘን አይባልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን እንደገና መርምረው ባወጡት ሥራ፣ አንድ ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ለመገመት ከሚያገለግሉ መንገዶች ሁሉ ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ከፊት ተሰልፏል። እንደመጣለት የሚካሄደው ግን ከእሱ በብዙ ርቆ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሥርዓት ያለው ማለት ውድ ነገር አይደለም። ጥያቄዎቹ ከሥራው ተነስተው ቀድመው ይጻፋሉ፣ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ይቀርባሉ፣ ጥሩ መልስ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰናል፣ እያንዳንዱ ጠያቂ ከሌላው ጋር ሳይማከር ነጥብ ይሰጣል። ወረቀትና አንድ ከሰዓት ይበቃዋል። የእኛ ጠያቂዎችም ይህን አድርገው ቢሆን የዕድሩን መዝገብ በአጋጣሚ ሳይሆን በጥያቄ ያገኙት ነበር።

ሥራው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ ሆኖ ሳለ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛን በእንግሊዝኛ መጠየቅ ዕቃ አያያዙን አይመዝንም። ሴት ተወዳዳሪን «አግብተሻል? መቼ ልትወልጂ አስበሻል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከነውርነቱም በላይ ከሕግ ጋር ይጋጫል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ሴት ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ስታመጣ በቅጥር ቅድሚያ እንድታገኝ ያዝዛል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር የደነገገውም እሱ ነው። መብቷን ቀድሞ በጥያቄ ለማምለጥ የሚሞክር ቀጣሪ ሕጉን እየሸሸ ነው። ይህ ጥያቄ የሚገጥማት እህታችን ስለ ቤቷ ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ «ሥራው የሚጠይቀውን አሟልቼ እሠራለሁ» ብትል ይበቃል። የአካል ጉዳት ያለበትን ተወዳዳሪ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚጠራ መሥሪያ ቤትም የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 568/2000 አውጥቶ ያንብብ።

የታክሲውንም ነገር አንለፈው። ግሩም አበበ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ. በ2021 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» ላይ የወጣ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት እንዳሳየው፣ ለሚያመለክቱ ሰዎች መጠነኛ ገንዘብ የሰጠ ቀጣሪ ይበልጥ ችሎታ ያላቸውን አመልካቾች መሳብ ችሏል። ጎበዝ ሆነው ማመልከት የከበዳቸው ልጆች አሉ ማለት ነው። ለቃለ መጠይቅ የጠሩትን ሰው የትራንስፖርት መሸፈን ለቀጣሪው ራሱ ይጠቅመዋል። ያልተመረጠን ሰው ለወራት ስልኩን ሲያይ ከማቆየት በአጭር መልእክት ማሳወቅማ ወጪም የለው።

ዩኒቨርሲቲዎችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ከዚህ ተጠያቂነት አያመልጡም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ተማሪው 50 በመቶ ካላመጣ አይመረቅም። ፈተናው ዕውቀትን እንዲለካ የተፈለገ ነውና አንቃወመውም። ነገር ግን ሙሉውን የመጨረሻ ዓመት ምርጫ በማጥቆር ልምምድ ያሳለፈ ተማሪ ከግቢው ሲወጣ የሚጠብቀው ፈተና በአፍ የሚመለስ ነው። አንድም ቀን በሰው ፊት ቆሞ ስለ ሥራው ሳይናገር የሚመረቅ ልጅ ካለ ትምህርቱ ጎድሎታል። የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ በአሥር ደቂቃ የሚያልፍ ሥነ ሥርዓት መሆኑ ይቁም፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ድርሻ ቆሞ ያስረዳበት። የሥራ ልማት ማዕከል ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በምርቃት ዋዜማ የግማሽ ቀን ገለጻ አድርገው ዝም አይበሉ። በአካባቢያቸው ያሉ ቀጣሪዎችን ጠርተው ለእያንዳንዱ ተመራቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ የልምምድ ቃለ መጠይቅ ያድርጉለት፤ የቱ ጋ እንደደከመም ይንገሩት። ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም ሥራ ፈላጊን መዝግቦ ከማስታወቂያ ጋር በማገናኘት ብቻ አይወሰን፤ ይህንኑ ሥልጠና የዩኒቨርሲቲ ደጅ ላልረገጡት ጭምር በየወረዳው ያድርስ። የአዲስ አበባው ጥናት እንዲህ ያለው ሥልጠና ያመጣው የገቢ ጭማሪ ከወጪው በእጅጉ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ሰኔ ላይ ጋዋን ይለብሳሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ሥልጠናውን ከዚያ በፊት፣ በዚህ መንፈቅ ዓመት ይጀምሩት። እኛም ከራሳችን እንጀምራለን፤ ከዚህ ወር አንስቶ በዚህ ዝግጅት ክፍል ለቃለ መጠይቅ የሚጠራ ሰው ሁሉ ቀጠሮው በሁለቱም የሰዓት አቆጣጠር ይጻፍለታል፣ እኩል ጥያቄ ይቀርብለታል፣ የታክሲው ይከፈለዋል። ያልተመረጠም በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሱ ይደርሰዋል።